ምርቃትና ስፍር፦ በጃፓን የፍልሚያ አኒሜ ውስጥ የ«ፋን ሰርቪስ» ትረካዊ ተግባር

1. መግቢያ

በገበያችን እህል የሸመተ ሰው ስፍሩ ከሞላለት በኋላ «መርቂልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ሻጯም አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። ይህች ጭማሪ ምርቃት ትባላለች። ዋጋ አይከፈልባትም፤ በውሉ ውስጥም የለችም። ሆኖም ገዥው በሚቀጥለው ገበያ ወደዚያችው ሻጭ እንዲመለስ የምታደርገው ብዙውን ጊዜ እርሷ ናት። ጃፓናውያንም «ሰርቪስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ተውሰው በሱቅና በምግብ ቤት ያለ ዋጋ የሚጨመርን ነገር ይጠሩበታል። አኒሜ በሚባለው የጃፓን የሥዕል ፊልም ወዳጆች ዘንድ የታወቀው «ፋን ሰርቪስ» የሚለው ስያሜም ይህንኑ የምርቃት ስሜት ይዟል፤ ለአድናቂ የሚጨመር ማለት ነው።

ስያሜው ሰፊና ጠባብ ፍች አለው። በሰፊው ፍች፣ ታሪኩ ግድ ሳይለው ለአድናቂው ደስታ ተብሎ የሚገባ ማናቸውም ትርኢት ፋን ሰርቪስ ነው፤ የጦር መሣሪያ ዝርዝር ሥዕል፣ የሮቦት አነሣሥ፣ የቀድሞ ገጸ ባሕርይ ድንገት ብቅ ማለት ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። በጠባቡና በተለመደው ፍች ግን የገጸ ባሕርያትን ገላ፣ ይበልጡንም የሴቶችን፣ ለዓይን ማቅረብን ያመለክታል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች በአብዛኛው በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን ምርቃቱን አይቶ እህሉን ሳይመረምር ሥራውን ከነአካቴው ይጥላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ምርቃት ነው፤ ማን ይጎዳል?» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አንድ የጋራ እምነት አላቸው፤ ፋን ሰርቪስ ከትረካው ውጭ ያለ ነገር ነው ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የጋራ እምነት መመርመር ነው። ምርቃቱ የስፍሩ አካል የሚሆንበት ጊዜ አለን? ካለስ በምን ይታወቃል? ለዚህ ሲባል ሦስት የታወቁ ሥራዎች በማስረጃነት ይቀርባሉ። በሦስቱም ውስጥ ለምርመራ የተመረጡት ሴት ገጸ ባሕርያት ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው፤ የዚህም ምክንያት በክፍል 7 ይገለጻል።

2. የልማዱ አመጣጥ

የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ግዴታ ስለ ነበር፣ በጀቱም ጠባብ ስለ ነበር፣ ሠዓሊዎቹ የሥዕሉን ብዛት መቀነስና አንዴ የተሣለውን ደጋግመው መጠቀም ነበረባቸው። እንዲህ ተቀምጦ የሚደጋገመው የሥዕል ክምችት በባለሙያዎቹ ዘንድ «ባንክ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 በጀመረው የጎ ናጋይ «ማዚንገር ዜድ» ሮቦቱ ከውኃ ማጠራቀሚያ ሥር ሲነሣና አብራሪው ከራሱ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ትዕይንት ከዚሁ ባንክ እየወጣ ከክፍል ክፍል ይደጋገማል።

በቁጠባ የተጀመረው ድግግሞሽ ቀስ በቀስ በራሱ የሚናፈቅ ነገር ሆነ። ይህ ለቃል ግጥም አጥኚ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በፉከራ ላይ ያለ ጀግና ወደ ውጊያው ከመግባቱ በፊት ቆሞ ስሙን፣ ዘሩንና ገድሉን ይቆጥራል። ጊዜው ይቆማል፤ ውጊያው ይጠብቃል፤ አድማጩ ግን አይሰለችም፤ እንዲያውም የሚጠብቀው ያንን ነው። የሚደጋገመው ሐረግ አዲስ ወሬ ባይነግርም የሚመጣውን ድርጊት ክብደት ያበጅለታል። የሮቦቱ አነሣሥም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ትርኢት ታሪክን አቁሞ ታሪክን ሊያገለግል እንደሚችል የመጀመሪያው ምልክት እዚህ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የገበያ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 «ዳሎስ» የተባለው ሥራ በቴሌቪዥንም በሲኒማም ሳያልፍ በቀጥታ በቪዲዮ ካሴት ለሽያጭ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ለሰፊው ሕዝብ ሳይሆን ገንዘቡን አውጥቶ ለሚገዛው አድናቂ ብቻ ሊሠራ ቻለ። በዚያው ዘመን አድናቂዎች ራሳቸው ሠሪዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1983 በኦሳካ ለተካሄዱ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወዳጆች ጉባኤዎች አጫጭር የመክፈቻ ፊልሞችን የሠሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1984 ጋይናክስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። አድናቂው ምን እንደሚወድ የሚያውቅ አድናቂ ምርቃቱን መስፈር ጀመረ ማለት ነው።

3. የትርኢትና የትረካ ግጭት

ጉዳዩን በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ካነሡት መካከል ብሪታንያዊቷ የፊልም ምሁር ሎራ መልቪ ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ. በ1975 «ስክሪን» በተባለው መጽሔት ባሳተመችው ጥናት ስለ ሆሊዉድ ፊልም እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረበች፦ ካሜራው በሴቷ ገላ ላይ ሲያርፍ የታሪኩ ፍሰት ይገታል፤ ወንዱ ገጸ ባሕርይ ተመልካች፣ ሴቷ ደግሞ የምትታይ ትሆናለች፤ አዳራሽ ውስጥ ያለውም ሰው በወንዱ ዓይን እንዲያይ ይደረጋል።

ይህ ክርክር ለፍልሚያ አኒሜ ይበልጥ ይከብዳል። የፍልሚያ ታሪክ ትልም በምክንያትና ውጤት የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመክታል፣ ቁስሉ ቂም ይወልዳል። በዚህ መካከል ምክንያት የሌለው ትርኢት ሲገባ ሰንሰለቱ ይላላል። በብዙ ተራ ሥራዎች የሚታየውም ይኸው ነው፤ ተፋላሚዋ ለሞት በተቃረበችበት ሰዓት ካሜራው ከፊቷ ይልቅ ዳሌዋን ይመርጣል፤ ተመልካቹም ፍርሃቷን ሊጋራ አይችልም።

በመሆኑም መልቪ ያነሣችውን ችግር መካድ አይቻልም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ደራሲው ይህንኑ መገታት አውቆ ሊሠራበት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መመርመሪያ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ ትርኢቱ የሚታየው በማን አንጻር ነው? ሁለተኛ፣ ከትርኢቱ በኋላ ስለ ገጸ ባሕርይዋ የምናውቀው ነገር ተለውጧል ወይ? ሦስተኛ፣ ትርኢቱ ቢወጣ ኋላ የሚመጣ ነገር ትርጉሙ ይጎድላል ወይ? ለሦስቱም አሉታዊ መልስ የሚሰጥ ትርኢት ጥሩም ይሁን መጥፎ ምርቃት ብቻ ነው።

4. ገላ እንደ ጥያቄ፦ «ጎስት ኢን ዘ ሼል»

የማሞሩ ኦሺ «ጎስት ኢን ዘ ሼል» እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ፊልም ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1989 መታተም በጀመረው የማሳሙኔ ሺሮው ሥዕላዊ ታሪክ ላይ ሲሆን የፊልም ጽሑፉን ያዘጋጀው ካዙኖሪ ኢቶ ነው። መቼቱ እ.ኤ.አ. 2029 ሆንግ ኮንግን በምትመስል ከተማ ውስጥ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ ከአንጎሏ በቀር አካሏ በሙሉ በፋብሪካ የተሠራ የጸጥታ መኮንን ናት። በፊልሙ ቋንቋ «ጎስት» ማለት ነፍስ ወይም ማንነት፣ «ሼል» ማለት ደግሞ ያደረችበት ቅርፊት ነው።

ፊልሙ ሲከፈት ሞቶኮ በሕንፃ ጣሪያ ላይ ልብሷን ጥላ ወደ ኋላዋ ትወረወራለች፤ በመስኮት በኩል ተኩሳ ትገድላለች፤ ከዚያም ከዓይን በሚሰውር መሣሪያ ትጠፋለች። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ የተለመደው ምርቃት ነው። ነገር ግን ወዲያው የሚከተለው የርእስ ትዕይንት፣ በኬንጂ ካዋይ መዘምራን ታጅቦ፣ ያ ገላ እንዴት እንደ ተሠራ ያሳየናል፤ አጽሙ ይገጠማል፣ ቆዳው ይለብሳል፣ ከፈሳሽ ውስጥ ይወጣል። ተመልካቹ ከደቂቃ በፊት በምኞት ያየው አካል የመንግሥት ንብረት የሆነ ዕቃ ነው። በኋላ ሞቶኮ ሥራ ብትለቅ ይህን አካል መመለስ እንዳለባት ሲነገር የመክፈቻው ትርኢት አዲስ ትርጉም ያገኛል። የታየው የራሷ ያልሆነ ገላ ነበር።

የአንጻር ጉዳይም በሚገባ ታስቦበታል። ባቱ የተባለው ባልደረባዋ በጀልባ ላይ ልብሷን ስትቀይር ዓይኑን ያዞራል፤ ከፍልሚያ በኋላም የራሱን ጃኬት ያለብሳታል። እርሷ ግን አታፍርም፤ ለእርሷ ገላዋ መሣሪያ ነው። ሐፍረቱ ያለው ከባቱ ዘንድ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ድርጊት ብዙ ይናገራል። ባቱ በእርሷ ውስጥ ሰው እንዳለ ያምናል፤ እርሷ ግን ተጠራጥራለች። የመልቪ ወንድ ተመልካች እዚህ ዓይኑን የሚያዞር ወንድ ሆኗል፤ ሳያዞር የቀረው በአዳራሹ የተቀመጠው ብቻ ነው።

ፍጻሜው ላይ ሞቶኮ ከታንክ ጋር ስትፋለም ክዳኑን ለመንቀል ያለ የሌለ ኃይሏን ታወጣለች፤ ጡንቻዋ ይወጠራል፣ ቆዳዋ ይሰነጠቃል፣ ክንዶቿ ይገነጠላሉ። ፊልሙ ከመክፈቻው ጀምሮ ያስጎመጀንን ውበት በዓይናችን ፊት ይሰብረዋል። መጀመሪያ ውበቱ ባይታይ ኖሮ ስብራቱ ተራ የፋብሪካ አደጋ በሆነ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄያችን እዚህ ላይ አዎንታዊ መልስ ያገኛል።

5. ገላ እንደ ጭምብል፦ ፌይ ቫለንታይን

«ካውቦይ ቢቦፕ» ሺኒቺሮ ዋታናቤ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 መታየት የጀመረ 26 ክፍሎች ያሉት ተከታታይ ሥራ ነው። መቼቱ እ.ኤ.አ. 2071 ሲሆን ታሪኩ ተፈላጊ ወንጀለኞችን አድነው የሚኖሩ ሰዎችን ይከተላል። ፌይ ቫለንታይን ከታሪኩ የምትቀላቀለው በሦስተኛው ክፍል ነው፤ በካዚኖ ካርታ አዳይ ሆና ትሠራለች፤ የተለመደው ልብሷ ደግሞ አጭር ቢጫ ልብስ ነው። አለባበሷም አቀራረቧም የአድናቂ ምርቃት ይመስላል።

የታሪኩ ጥበብ ይህን ምርቃት የገጸ ባሕርይዋ ሥራ ማድረጉ ነው። ፌይ ሰዎች ምን ማየት እንደሚፈልጉ ታውቃለች፤ በዚያም ታታልላለች፣ ትሰርቃለች፣ ታመልጣለች። የምትታይ ብቻ ሳትሆን መታየቷን የምታስተዳድር ናት። ተመልካቹም ከተታለሉት ገጸ ባሕርያት ተራ ይሰለፋል፤ ልብሷን አይቶ አውቄያታለሁ ይላል።

በክፍል 15 የኋላ ታሪኳ ሲገለጥ ይህ ዕውቀት ይፈርሳል። ፌይ በጠፈር አደጋ ምክንያት ለ54 ዓመታት በበረዶ እንቅልፍ የቆየች፣ ስትነቃ ትዝታዋን ያጣች፣ በሕክምና ዕዳ የታሰረች፣ ካመነችውም ሰው ሌላ ዕዳ የወረሰች ሴት ናት። በክፍል 18 ደግሞ በአሮጌ የቪዲዮ ካሴት ላይ የልጅነት ራሷ ለወደፊቷ ፌይ በርቺ እያለች ትታያለች። የአሁኗ ፌይ ያችን ልጅ አታስታውሳትም። በክፍል 24 ወደ ምድር ተመልሳ የትውልድ ቤቷን ስትፈልግ የምታገኘው ፍርስራሽ ነው። በመሬቱ ላይ አልጋዋ በነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሠርታ በውስጡ ትተኛለች።

በዚህ ትዕይንት ፌይ የለበሰችው ያንኑ ልብስ ነው፤ ገላዋም በመሬት ላይ ተዘርግቷል። የሚታየው ነገር አልተለወጠም፤ ተመልካቹ ግን ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው ሊያየው አይችልም። አንድ ሰው ልብሷ ከመጀመሪያው ጨዋ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ያጣ ነበር ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ፣ ተመልካቹ የራሱን የአስተያየት ስሕተት የሚይዝበትን አጋጣሚ ያጣ ነበር የሚል ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳይሰማ ወርቁን እንደማያገኝ ሁሉ፣ የፌይ ብቸኝነት የሚታወቀው በጭምብሏ በኩል ነው።

6. ጭምብል የሌለበት ገላ፦ ፉጂኮ ሚኔ

የፌይ ታሪክ ግን አንድ አደገኛ ልማድ ሊያስተምር ይችላል፤ ገላዋን የምታሳይ ሴት ሁሉ ከበስተኋላዋ ቁስል አለ የሚል። ይህን ልማድ የሚሞግት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል፤ ሳዮ ያማሞቶ ያዘጋጀችው፣ ማሪ ኦካዳ የትረካውን አጠቃላይ ዕቅድ የመራችበት «ፉጂኮ ሚኔ የተባለችው ሴት» የሚለው ባለ 13 ክፍል ተከታታይ ነው። ፉጂኮ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀመረው የመንኪ ፓንች «ሉፓን ሳልሳዊ» ውስጥ ከሉፓን ጋር አንዴ እየተባበረች አንዴ እየከዳችው የኖረች ሌባ ናት። በያማሞቶ ሥራ ግን የታሪኩ ማዕከል ሆናለች።

በዚህ ሥራ ራቁትነት እጅግ ይበዛል፤ በቁጥር ከተመዘነ ከላይ ከተጠቀሱት ሁለቱ ይበልጣል። ሥዕሉ ግን በወፍራም የብዕር ጭረት የተሞላ ስለ ሆነ ተመልካቹ ሥዕል እያየ መሆኑን አይረሳም። ትረካው ሲገፋ ፉጂኮ በልጅነቷ የደረሰባት የሚመስል የሥቃይ ትዝታ በየጊዜው ብቅ ይላል። ተመልካቹም «ለካ እንዲህ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው» ለማለት ይዘጋጃል። በመጨረሻ ግን ያ ትዝታ የሌላ ሴት መሆኑ፣ በፉጂኮም ላይ ከውጭ የተጫነ መሆኑ ይገለጣል። ፉጂኮ ከመጀመሪያውም ሌባና አሳሳች ነበረች፤ የሆነችውን የሆነችው ስለ ወደደች ነው።

የዚህ ፍጻሜ ኃይል የሚመነጨው ከምርቃቱ ነው። ትርኢቱ በበዛ ቁጥር ምክንያት የመፈለግ ጉጉታችን ይበዛል፤ ታሪኩም ያንን ጉጉት አሳድጎ ይከለክለዋል። ሞቶኮ «ይህ ገላ የማን ነው?» ታሰኘናለች። ፌይ «ከዚህ ገላ በስተኋላ ማን አለ?» ታሰኘናለች። ፉጂኮ ደግሞ «ለምን ምክንያት ትጠይቀኛለህ?» ብላ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው ትመልሳለች። ሦስቱም ምርቃቱን የትረካው መሣሪያ አድርገዋል፤ መንገዳቸው ግን አንድ አይደለም።

ተመልካቹን ተጠያቂ የማድረጉ ነገር ከዚህም ቀደም የተሞከረ ነው። የጋይናክሱ ሂዴአኪ አኖ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ባሳየው «ኒዮን ጄኔሲስ ኢቫንጌሊዮን» ውስጥ የሚቀጥለው ክፍል ማስታወቂያ «ሰርቪስ» እንደሚኖር በጨዋታ ድምፅ ቃል እየገባ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የመዝጊያ ፊልም ግን ሥዕሉ በድንገት ተቋርጦ በእውነተኛ ካሜራ የተነሣ የሲኒማ አዳራሽ፣ ከነተመልካቾቹ፣ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ሲስተናገድ የኖረው አድናቂ ራሱ የሚታይ ሆነ።

7. የክርክሩ ወሰን

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ትርኢት ትረካዊ ተግባር አለው ማለት ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ተግባር የአሠራር ጥያቄ ነው፤ ተገቢነት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ከፍልሚያ አኒሜ ብዙው ክፍል መቼቱን ትምህርት ቤት ያደርጋል፤ በምርቃትነት የሚቀርቡትም ገጸ ባሕርያት በታሪኩ ውስጥ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ይሆናሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2014 የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል መያዝን በሕግ ስትከለክል የሥዕል ታሪኮችንና አኒሜን ከክልከላው ውጭ አድርጋለች፤ ክርክሩም አልበረደም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ልጆችን በዚህ መልክ ማቅረብ በየትኛውም የትልም ብልሃት ሊካስ አይችልም። ምሳሌዎቹ ከአዋቂ ገጸ ባሕርያት የተወሰዱት ለዚህ ነው። «ታሪኩ ስለሚፈልገው ነው» የሚለው መከራከሪያ ይህን ለመሸፈን ሲቀርብ ሐያሲው ሊቀበለው አይገባም።

ሁለተኛው ወሰን የድግግሞሽ ነው። በትረካ ውስጥ ሥራውን የጨረሰ ትርኢት ከዚያ በኋላ ቢደጋገም ወደ ተራ ምርቃትነት ይመለሳል። «ካውቦይ ቢቦፕ»ም ሆነ ሌሎቹ በየትዕይንታቸው ሁሉ ከዚህ ነፃ ናቸው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፍርዱ ለአንድ ሥራ በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ትዕይንት በትዕይንት የሚመረመር መሆን አለበት።

8. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ታየው፣ ፋን ሰርቪስ በባሕርዩ ከትረካ ውጭ ነው የሚለው እምነት በሦስቱም ሥራዎች ፊት አይጸናም። ትርኢቱ የታሪኩን ፍሰት እንደሚገታ እርግጥ ነው። የተሻሉት ደራሲዎች ግን መገታቱን ተጠቅመው ተመልካቹ ስለሚያየው ነገር የተሳሳተ ዕውቀት እንዲይዝ ያደርጉታል፤ ኋላም ያንን ዕውቀት ያፈርሱበታል።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪም ሩቅ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ሳይታተም የቆየው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በአብዛኛው ምን ተጻፈ፣ ምን ያህልስ ተገለጠ በሚለው ላይ ያርፋል። በማን አንጻር ተጻፈ፣ አንባቢውስ ካነበበ በኋላ ስለ እነዚያ ሴቶች የሚያውቀው ተለወጠ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሡ ይቀራሉ። በክፍል 3 የቀረቡት ሦስት ጥያቄዎች ለሥዕል ፊልም ብቻ የተበጁ አይደሉም። ገላ በተጻፈበት በማናቸውም ልብ ወለድ ላይ ሊሞከሩ ይችላሉ፤ ቢሞከሩም ከምን ያህል ተገለጠ ወደ ለምን ተገለጠ የሚያሸጋግሩ ይሆናሉ።